ከተበተነ መኪና የወጣ ጋርድ ቪጎ ላይ ሲገጠም

ጠያቂው ጅማ የሚኖር ቡና ሰብሳቢ ነው። የላከልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ፎር ባይ ፎር የቶዮታ ቪጎ ፒካፕ አለኝ። ቡና ሲደርስ በአጋሮ አድርጌ ወደ ጌራ፣ አንዳንዴም ወደ ሊሙ እየወጣሁ እሸት እሰበስባለሁ። ባለፈው ዓመት ድንጋይ ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) መትቶት ዘይት ፈሶብኛል። አሁን ሶማሌ ተራ ሄጄ ከተበተነ መኪና የወጣ ወፍራም የሞተር ጋርድ፣ ከሞተሩ ሥር የሚታሰር መከላከያ፣ ገዛሁ። የቶዮታ ነው ብለውኛል። ቀዳዳዎቹ ግን ከኔ መኪና ጋር አይገናኙም። በያጁ ‹ችግር የለም፣ ሻንሲው ላይ እበይድልሃለሁ› ይላል። ልስማማ?»

አትስማማ ወንድሜ። ጋርዱን መግዛትህ ጥሩ ነው፤ እንዲበየድ ግን አትፍቀድ። ጋርድ የሚታሰረው በብሎን ነው። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳህ፤ ምክንያቱ ከገባህ ቀሪውን ሥራ ራስህ ቆመህ ልታሠራው ትችላለህ።

እኛ አካባቢ ጋርድን የሚገድለው ጭቃ ነው። ድንጋዩማ የተሠራበት ሥራው ነው፤ ይመታዋል፣ ይጭረዋል፣ ያልፋል። ጭቃው ግን ከላይ ይገባና እዚያው ይቀራል። የጅማን ቀይ አፈር ታውቀዋለህ። ጎማው ወደ ላይ እየረጨው በጋርዱና በኮፓው መሃል ይጠቀጠቃል። ሞተሩ ሲሞቅ ይደርቃል፣ በማግስቱ ሌላ ይጨመርበታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋርዱ የጭቃ ሳህን ሆኖ ታገኘዋለህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፒካፕ ተጎትቶ መጣልኝ። ሞተሩ ነክሷል፤ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። ባለቤቱ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «መሬት ላይ አንድም ጠብታ ዘይት አላየሁም!» እውነቱን ነው፣ አላየም። ከሥር ስገባ ጋርዱ ዙሪያውን ሻንሲው ላይ ተበይዷል። የት እንዳስበየደው አልጠየቅሁትም። በግራይንደር ቆርጠን አወረድነው። ሁለት ሰው ነው ያነሳው። ውስጡ የተጠቀጠቀው ጭቃ እንደ ጡብ ደርቋል፤ ላዩ ግን ጥቁርና ለስላሳ ነው። በጣቴ ስጫነው ዘይት አወጣ። ከኮፓው ጥግ በቀስታ የሚያፈሰውን ዘይት ጭቃው ለስንት ጊዜ ሲጠጣው ኖሯል። ሰውየው በየጠዋቱ መኪናው ያደረበትን መሬት ያያል፤ መሬቱ ንጹሕ ነው። ጋርዱ ሞተሩን ከድንጋይ አድኖታል፤ የሚያፈሰውን ዘይት ግን ከባለቤቱ ደብቆ ገደለው። ያ ጋርድ በአራት ብሎን የታሰረ ቢሆን ኖሮ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ይወርድ ነበር። ፍሳሹም ገና ሲጀምር ይታይ ነበር።

ብየዳ ሌላም ጣጣ አለው። ሻንሲ ሲሄድ ትንሽ ትንሽ ይጠማዘዛል፤ ኮረኮንች ላይ ደግሞ ይብሳል። ወፍራም ብረት ግራና ቀኙን ጨብጦ ከያዘው የሚሰነጠቀው ብየዳው ያለቀበት ጠርዝ ላይ ነው። ያ ስንጥቅ ከጋርዱ ወደ ሻንሲው ሊሄድ ይችላል። በተጨማሪ የሻንሲው የፊት ጫፍ ግጭት ሲደርስ እንዲጨማደድ ሆኖ የተሠራ ነው። የግጭቱን ኃይል የሚበላው እሱ ነው። እዚያ ላይ ወፍራም ብረት በይደህ ካጠነከርከው ኃይሉ ወደ አንተ ይመጣል።

አሁን ወደ ገዛኸው ብረት። ከመግጠምህ በፊት መርምረው። ያገለገለ ዕቃ ያለ ታሪክ አይመጣም፤ የወጣበት መኪና ተገልብጦ ወይም ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋበት። ከያዘ ብረት ነው። ካልያዘና ከቀለለህ አሉሚኒየም ነው። ይህን ማወቅ ያለብህ ሁለቱ አያያዛቸው ስለሚለያይ ነው። ቀጥሎ ታጥቦ ጭቃው ይውጣ። ሊሾ ወለል ላይ ደፍተህ አስቀምጠው። አንዱን ጥግ ስትጫን ሌላው ጥግ ከተነሳ ተጣሟል። ከዚያ በትንሽ መዶሻ ከዳር እስከ ዳር ኳኳው። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። ዝገት የበላው ቦታ ድምፁ ይታፈናል። እዚያ ቦታ ላይ በካቻቢቴ ጫፍ ውጋው፤ ከተበሳ ያ ክፍል ተቆርጦ ይቀየር። ስንጥቅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያና ብረቱ የታጠፈበት መስመር ላይ ነው። ቀለሙን በብረት ብሩሽ አንሳና በደንብ እይ።

ውፍረቱን በካሊፐር ሦስት አራት ቦታ ለካ። ለአንተ ዓይነት ሥራ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ብረት ይበቃል። ሰው 6 ሚሊሜትር ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ እኔ ደስ አይለኝም። ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ብረት በየአንድ ሚሊሜትር ውፍረቱ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ጋርድህ 80 በ70 ሴንቲሜትር ነው እንበል። በ4 ሚሊሜትር ወደ 18 ኪሎ ይሆናል፤ በ6 ሚሊሜትር ግን ከ26 ኪሎ ያልፋል። ይህ ሁሉ የሚንጠለጠለው የፊት ሞላህ ላይ ነው። የ6 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ከሆነ 9 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ቀላል ነው፣ አይዝግም። ጉዳቱ ድንጋይ ላይ ሲሳብ ይነክሳል እንጂ እንደ ብረት አይንሸራተትም።

ብረት ሆኖ ከተጣመመ ማቃናት ይቻላል። በተቻለ መጠን ሳይሞቅ፣ በክሪክና በጠንካራ ድጋፍ ይቃና። የግድ መሞቅ ካለበት ከሞቀ በኋላ ውሃ አታፍስበት፤ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። አሉሚኒየምን ግን በእሳት አታስነካ፤ ጥንካሬውን ያጣል። በተራ ኤሌክትሮድም አይበየድም። ስንጥቅ ያለበትን ብረት ስታስጠግን በያጁ ዝም ብሎ ላዩን እንዳይለብጠው። መጀመሪያ የስንጥቁ መጨረሻ ላይ በ4 ሚሊሜትር ድሪል ይብሳው፤ ያ ቀዳዳ ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ ያቆመዋል። ቀጥሎ መስመሩን በግራይንደር ቦይ ያውጣለት፣ ከዚያ ይበይደው። በያጁ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጋርዱ መሬት ላይ እያለ የፈለገውን ይበይድ። መኪናው ላይ መበየድ የግድ ከሆነ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ፣ የብየዳው ማሰሪያም የሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ። ያለበለዚያ ዳይናሞውና የሞተሩ ኮምፒዩተር አደጋ ላይ ናቸው።

ቀዳዳው አይገናኝም ላልከው፣ መፍትሔው ከመኪናው ይጀምር። ቪጎህ ፎር ባይ ፎር ከሆነ ሲመረት ስስ ላሜራ ጋርድ ነበረው። ወድቆም ቢሆን የሚታሰርባቸው ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች ሻንሲውና አግዳሚው ላይ አሉ። በጭቃና በዝገት ስለተደፈኑ ነው የማይታዩት። በብረት ብሩሽ ጠርገህ ፈልጋቸው። ስታገኛቸው ናፍጣ ወይም ዝገት ማላቀቂያ ነክረህ አሳድረው፣ ከዚያ ጥርሱ በጥርስ ማውጫ ይጽዳ። አዲሱ ጋርድ የሚታሰረው በእነዚህ ነው። ሻንሲ መብሳት የመጨረሻ አማራጭ ነው። የግድ ከሆነም የቆመው ጎን ላይ፣ መሃሉ አካባቢ ይበሳ። የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ጭነት የሚሸከሙ ናቸው፤ እነሱ እንዳይነኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የማየውን ስህተት ልንገርህ። ረዳቱ ወደ ሱቅ ይላካል፣ «የ10 ብሎን» (ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ) ገዝቶ ይመጣል። ብሎኑ በእጅ ሁለት ዙር ያህል ይገባል፣ ከዚያ ይጠነክራል። ልጁ ዝገት መስሎት ቁልፍ ያነሳና ያስገድደዋል። ጥርሱ ተላጠ፣ አለቀ። ችግሩ ዝገት አይደለም። የቶዮታ የ10 ብሎን የጥርስ ርቀቱ 1.25 ሚሊሜትር ነው። ሱቅ በብዛት የሚሸጠው ግን 1.5 ነው። በዓይን አይለይም። የ8 ብሎን ላይ ይህ ችግር የለም፤ የሁለቱም 1.25 ነው። መለያው ቀላል ነው። የቶዮታው የ8 ብሎን በ12 ቁልፍ፣ የ10 ብሎን በ14 ቁልፍ ይፈታል። ከሱቅ የሚመጣው በአብዛኛው 13 እና 17 ቁልፍ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ከተበተነ ቶዮታ የወጣ ብሎን ፈልገህ ግዛ፣ ወይም ናሙና ይዘህ ሂድ። ማንኛውም ብሎን ቢያንስ አምስት ዙር በእጅህ ካልገባ ቁልፍ አታስነካው። ከሱቅ የምትገዛው ከሆነ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ይኑረው። ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ለአልጋ ይሆናል፣ ለጋርድ አይሆንም።

ጋርዱን ከቀዳዳዎቹ ጋር ለማገናኘት ካርቶን ተጠቀም። የቴሌቪዥን ካርቶን ዓይነት ሰፊ ይሁን። ከሥር ግባና ካርቶኑን ወደ ሻንሲው ገፍተህ ያዝ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ በጣትህ ስትጫን ክቡ ይታተማል። የዘይት መልቀቂያ ብሎኑንና ፊልትሮውንም ምልክት አድርግበት። ከዚያ ካርቶኑን ጋርዱ ላይ አንጥፈህ የሚገናኘውንና የማይገናኘውን ታያለህ። ለማይገናኘው መሃል የሚገባ ማያያዣ ብረት አሠራ። ከ5 ሚሊሜትር ላሜራ ተቆርጦ የታጠፈ ይሁን፤ አንድ ጫፉ ሻንሲው ላይ ባለው ቀዳዳ ይታሰር፣ ሌላኛው ጋርዱን ይያዝ። ወደፊት ጋርዱ ቢበላሽ ማያያዣው ይቀራል፣ ሌላ ትገዛለህ።

የኋላ ቀዳዳዎቹን ሞላላ አድርጋቸው፤ ክብ ሳይሆኑ 11 በ16 ሚሊሜትር ይሁኑ። ሻንሲው ሲጠማዘዝ ጋርዱ ትንሽ መንቀሳቀሻ ያገኛል። ሞላላውን በእሳት አይቁረጡልህ፤ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ብሳና መሃሉን በሞረድ አውጣ። ጋርዱን ዝቅ ለማድረግ ሮንዴላ አትደርድር። አምስት ሮንዴላ ተደራርቦ ያየሁት መኪና ሁሉ ብሎኑ ታጥፏል። በልኩ የተቆረጠ ወፍራም ቱቦ አስገባበት።

አሁን ክፍተቱ። ጋርዱ ኮፓውን መንካት የለበትም፤ መቅረብም የለበትም። ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ይኑር። ጋርዱ ተመትቶ ሲረግብ መግቢያ ይፈልጋል። ሞተሩም በጎማ እግሮቹ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጥ ኮፓው ቦታውን ይለቃል። መለኪያው እናቶቻችን ቤት አለ። ትንሽ ወፈር ያለ ሊጥ አድቦልቡል፣ በላስቲክ ጠቅልለህ ለኮፓው፣ ለካምቢዮውና ለፊት ዲፈረንሻሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ትይዩ ጋርዱ ላይ አስቀምጥ። ጋርዱን አስረህ አውርደው። የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት ክፍተቱን ይነግርሃል። እኔ እስካሁን የምሠራው በዚህ ነው። በዓይን ከሚገመተው ይሻላል፤ ከሥር ተኝተህ ወደ ላይ ስታይ ዓይን ያሞኛል።

የዘይት መልቀቂያው ቀዳዳ ሰፋ ይበል። ብዙ ሰው ልክ ከብሎኑ ሥር ክብ ይበሳና ይጨርሳል። ዘይት ሲከፈት ግን ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ቀስት ሠርቶ ወደ አንድ ጎን ይወነጨፋል፣ እያለቀ ሲሄድ ነው ወደ ሥር የሚመለስ። ስለዚህ ቀዳዳው 7 ሴንቲሜትር ስፋት ይኑረውና ዘይቱ ወደሚወነጨፍበት በኩል ይርዘም። የማፍሰሻ ቀዳዳዎችም ያስፈልጋሉ። በጋርዱ ዝቅተኛ ቦታዎች ላይ እያንዳንዳቸው 4 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ጥቂት ቀዳዳዎች ይበሱ። ትንንሽ ቀዳዳ ጭቃ ይደፍነዋል። በእነዚህ ውሃው ይወጣል፣ ነፋስም ይገባል። በራዲያተሩ በኩል የገባ ሞቃት አየር መውጫው በሞተሩ ሥር ነው፤ ሥሩን ድፍን ካደረግከው ጭነት ይዘህ ዳገት ስትወጣ የሙቀት መለኪያው ከፍ ይላል።

የፊት ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ይሁን። ሹል ጠርዝ ወደፊት ካየ ድንጋዩን ይቆፍራል እንጂ አይንሸራተትበትም። ከኋላው ሌላ ጋርድ ለካምቢዮው ካስጨመርክ የፊተኛው የኋላ ጠርዝ ከኋለኛው በታች ይለፍ። ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ስትደራርብ ውሃ በመገጣጠሚያው እንዳይገባ እንደምታደርገው ማለት ነው፤ እዚህ ውሃው ድንጋዩ ነው። የብሎኖቹ ራስ ወደ መሬት ወጥቶ ከተንጠለጠለ በሁለት ወር ድንጋይ ይፍቀዋል፣ ቁልፍ አይዝልህም። በየብሎኑ ዙሪያ ከቱቦ የተቆረጠ አንድ ሴንቲሜትር ቀለበት ጋርዱ ላይ ይበየድ። ቀለበቱ ይጫራል፣ ብሎኑ ይድናል።

ቀለም ሳይቀባ እንዳይገጠም። ዝገቱ ተፍቆ አንቲረስት ሁለት እጅ፣ ከዚያ የፈለግከው ቀለም። አሉሚኒየም ከሆነ ከብረት ጋር በሚነካካበት ሁሉ የጎማ ቁራጭ አስገባ፤ እርጥብ ቦታ ሁለቱ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። የብሎኖቹን ጥርስ ግራሶ ቀባ። በቀጣዩ ክረምት ስትፈታቸው ታመሰግነኛለህ።

የመግጠሙ ዕለት መኪናው በክሪክ ብቻ ተነስቶ ማንም ከሥር አይግባ። ብረት ማቆሚያ ይግባበት፣ የኋላ ጎማ ይታገድ። ጋርዱን በሌላ ክሪክና በሰፊ ጣውላ ቀስ አድርገህ ወደ ላይ አንሳው። ሁሉንም ብሎኖች በእጅ አስገባ፣ አንዱንም አታጥብቅ። ሁሉም ከገቡ በኋላ የፊቶቹን፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን በመስቀለኛ አጥብቅ። የቶርክ ቁልፍ ካላችሁ ለ8 ብሎን 25 ኒውተን ሜትር፣ ለ10 ብሎን 45 አካባቢ ይበቃል። ከሌላችሁ የተለመደው አጭር ቁልፍ በአንድ እጅ ይሳብ፤ ቱቦ አትቀጥሉበት። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙር። አንድ ሰው የፊት መከላከያው ላይ ቆሞ ይወዝውዘው፣ አንተ ከጎን ሆነህ አድምጥ። የሚነካካ ነገር ካለ ያኔ ይሰማል።

ቪጎ የፊት ዲፈረንሻሉ ሻንሲው ላይ የታሰረ ስለሆነ ነው እንዲህ ያለ ጋርድ የሚስማማው። ጓደኞችህ መካከል ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ያለው ካለ ይህን እንዳለ እንዳይቀዳ። የሱ የፊት አክስል አንድ ወጥ ነው፣ ከጎማው ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ለሱ ክፍተቱ የሚለካው ሞላው እስከ መጨረሻው ተጭኖ ነው።

ከገጠምክ በኋላ ወዲያው ጌራ አትሂድ። ባዶ መኪና ይዘህ እስከ ሰቃ ድረስ ሂድና ተመለስ። ቁልፍ ይዘህ ከሥር ግባ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞክር፤ ቀለሙ በብረቱ መሃል ተጨፍልቆ ስለሚሳሳ አንድ ሁለቱ ላልተው ታገኛቸዋለህ። በድጋሚ አጥብቃቸውና እያንዳንዱ ብሎን ላይ ከጋርዱ ጋር የሚያገናኝ አንድ መስመር በነጭ ቀለም አስምር። ከዚያ በኋላ ቁልፍ አያስፈልግህም፤ ጠዋት ጎንበስ ብለህ መስመሩ ከተዛነፈ ብሎኑ እየላላ መሆኑን ታያለህ።

ቡና በሚሰበሰብበት ወቅት በየሳምንቱ በማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ በኩል በውሃ ግፊት ይታጠብ። ደረቅ ቅጠልና ገለባ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ከተጠራቀመ በእጅህ አውጣው፤ ዘይት የነካው ቅጠል እሳት ይይዛል። ዘይት በምትቀይርበት ቀን ግን በቀዳዳው ብቻ ቀይረህ አትሂድ። ጋርዱ ይውረድ፣ ኮፓው በጨርቅ ይጠረግ፣ ፍሳሽ ካለ ይታይ። አራት ብሎን ነው፤ ጥርሱ ግራሶ ከተቀባ የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት ድንጋይ የመታው ኮፓህ የተበየደ ከሆነ ደግሞ ጋርዱን ከመግጠምህ በፊት ሞተሩን አሙቀህ ብየዳው ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፍና ሌሊቱን አሳድረው። ጠዋት ወረቀቱ ላይ የዘይት ነጥብ ካለ መጀመሪያ እሱ ይሠራ።